ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረ ሽርጥ

የሰው ገመና በእጁ የሚያልፍ ሙያተኛ ከእጁ ብርታት ይልቅ በአፉ ቁጥብነት ይመዘናል። ሐኪምም ይሁን ልብስ ሰፊ፣ ያየውን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ይታመናል፤ የሚያወራ ግን የቱንም ያህል በሙያው ቢራቀቅ ደንበኛ ይሸሸዋል። በግሪክ ተራሮች ላይ ያለችው የሊቫዳኪ መንደር ሰዎች ይህን ከልባቸው ያምኑ ነበር፤ ማስረጃ ሲያስፈልጋቸውም የሚጠሩት የስቴርጊዮስን ስም ነበር።

ስቴርጊዮስ በያጅ ነው። ከላሚያ ከተማ ወደ ኢቲ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ በምትገኝ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀው በአንድ ሥራ ነው፤ ለራሊ ውድድር መኪኖች የሆድ መከላከያ በመሥራት። በዚያ ተራራ ላይ ውድድሩ የሚካሄደው በአስፋልት ላይ አይደለም። መኪናው የሚሮጠው ሆዱን ድንጋይ እየደበደበው ነው። የሞተሩ የዘይት ቋት አንዴ ከተቀደደ ዘይቱ ፈስሶ ያልቃል፣ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፣ የወራት ድካም አንድ ኩርባ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከአፍንጫው እስከ ካምቢዮው ድረስ ከሥሩ ወፍራም የአሉሚኒየም ላሜራ ይታሰርለታል። የመንደሩ ሰው ይህን ላሜራ ሽርጥ ይለዋል።

የስቴርጊዮስ ሽርጥ እንደ ጀልባ አፍ ከፊት ወደ ላይ የታጠፈ ነበር። የብሎኖቹ ራስ ላሜራው ውስጥ ይቀበራል፤ ምታቱ በቀጥታ ወደ መኪናው አጥንት እንዳይደርስም በላሜራውና በአካሉ መካከል ጎማ ይገባል። «ድንጋይ የሚንሸራተትበት ይፈልጋል፤ የሚጨብጠው ነገር ከሰጠኸው ግን ይዞህ ይቀራል» ይል ነበር። ስለ ሙያው ከዚህ የበለጠ ሲናገር የሰማው የለም።

የመኪና ሆድ አይዋሽም። ቡና ቤት ተቀምጦ እንደ ንስር በረርኩ ያለው ነጂ ሽርጡ ሲፈታ ጭረት እንኳ የሌለበት ይሆናል። ተጠንቅቄ ነዳሁ ብሎ ለሚስቱ የማለው ደግሞ ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ተጨራምቶ ይገኛል። ስቴርጊዮስ ሁለቱንም ያያል፤ ሁለቱንም በመዶሻ ያቃናል። ምን አየህ ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ከመኪና ሥር ያለ ነገር ቡና ቤት አይገባም።» ነጂዎች ከላሚያም ከቮሎስም ድረስ ወደ እሱ የሚመጡት ስለ ብየዳው ብቻ አልነበረም።

መንደሩ ስለ ውድድሩ ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ በተራራው ላይ ያለ እያንዳንዱ ኩርባ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ውድድሩ በሚውልበት ቀን ማለዳ መጥረጊያና አካፋውን ይዞ ይወርድና የተፈነቀለውን ድንጋይ ከመንገዱ ያነሳል፤ መኪኖቹ አንዴ ካለፉ በኋላም ለሁለተኛው ዙር እንደገና ይጠርጋል። አንድ ኩርባ የአንድ ሰው ነው፤ ኩርባውም በእሱ ስም ይጠራል። ኩርባ ያለው ሰው በሊቫዳኪ ሰው ነው። ሁለተኛው ልማድ፣ በመዶሻ ሊቃና የማይችል የተቀደደ ሽርጥ በአፖስቶሊስ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የተመታው ፊቱ ወደ ሰው ዞሮ። ነጂው ከሥሩ ተቀምጦ አረቄውን ይጠጣል፣ የቀረው ሰው ቅዳጁን እያየ ይከራከራል።

ከኩርባዎቹ ሁሉ ክፉው የፓንቴሊስ ነበር። ቁልቁል ሲወርዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በግራው ገደል ነው። በውስጠኛው ዳር የተደረደሩትን ድንጋዮች የፓንቴሊስ ሚስት ካሊዮፒ ለፋሲካ ኖራ ትቀባቸዋለች። የሌሎች ሴቶች ኖራ ነጭ ነው፤ እሷ ግን ለነጭ ልብስ ማጠቢያ የሚጨመረውን ሰማያዊ ዱቄት ታክልበታለች። «ካሊዮፒ ዘንድሮም ሰማዩን አውርዳ መንገድ ላይ አነጠፈችው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም «እናንተ ወደ ላይ ስለማታዩ ነው ያወረድኩላችሁ» ትላቸዋለች።

የስቴርጊዮስ እህት ልጅ ሚልቶስ በመንደሩ የተመሰከረለት ነጂ ነበር። በውድድር ጊዜ ከጎኑ ተቀምጦ መንገዱን ከማስታወሻ የሚያነብለት የልጅነት ጓደኛው ዞይስ ነው። በዚያ ዓመት ውድድር በሁለተኛው ዙር ፓንቴሊስ ኩርባውን ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ መኪናቸው መጣ። ከሥሩ የተሰማው ድምፅ ደወል የተመታ ይመስል ነበር። የመሪው ዘንግ ተሰበረ፤ መኪናው መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ገባ። ሚልቶስ ግንባሩ ተጭሮ ወጣ። ዞይስ ግን ወገቡ ተሰበረ፤ ከዚያ ቀን በኋላም በእግሩ አልቆመም።

ሰው ሲደርስ መሀል መንገድ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተጋድሞ ነበር። አምቡላንሱ እንዲያልፍ ሁለት ሆነው ወደ ገደሉ አንከባለሉት። ሚልቶስ «ድንጋይ... መሀል መንገድ ላይ» አለ። ድንጋዩ መሀል መንገድ ላይ መገኘቱ እውነት ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ፓንቴሊስ ብቻ «ይህ ከዳር ያለው ድንጋይ ነው። መኪናው ነው ጎትቶ ያወጣው። ክፍተቱ ያውና፣ ተመልከቱ» አለ። ሊያዩ ሲመለሱ ጎታቹ መኪና በጎማው ዳሩን ረግጦ ድንጋዮቹን ሁሉ በትኗቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የፓንቴሊስ ንግግር የጥፋተኛ ማመካኛ ሆኖ ተቆጠረ።

ስቴርጊዮስ በማግስቱ ሽርጡን ብቻውን ፈታ። ከመንገድ መሀል የተነሳ ድንጋይ የሚያቆስለው የሽርጡን አፍንጫ ነው፤ ጭረቱም ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህኛው ግን ከቀኙ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ወደ መሀል የገባ ቦይ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ላሜራው ተቀዶ ወደ ውስጥ ታጥፏል። መኪናው ኩርባውን በውስጥ በኩል ቆርጦ ዳሩ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። በእጥፋቱ ውስጥ የተጋገረ ኖራ ነበር። ስቴርጊዮስ በጣቱ ፈቅፍቆ ወደ ብርሃን አወጣው፤ ሰማያዊ ነው።

ሚልቶስ ግንባሩ እንደታሸገ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ይላል?» አለ ወደ ሽርጡ እያየ።

«አንተ የምታውቀውን ይላል።»

«ቆረጥኩት፣ አጎቴ። ሁልጊዜም እቆርጠዋለሁ። ትናንት አብልጬ ቆረጥኩት።»

«ይህን ለሰው ተናገር።»

«እናገራለሁ። ዞይስ ከኦፕሬሽን ይውጣ ብቻ።»

ዞይስ ከኦፕሬሽን ወጣ። ሚልቶስ ግን ሌላ ምክንያት ይዞ መጣ። «እናቱ አርጅታለች፤ ከእኔ በቀር ማን አለው? ከጠላኝ ማን ያነሳዋል? ማን ያጥበዋል? እኔን ተወኝ አጎቴ፣ ለእሱ ብለህ ዝም በል።» ስቴርጊዮስ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ዝም ለማለት ደግሞ መማር አላስፈለገውም።

ለሚልቶስ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል፤ ቃሉን ጠብቋል። ዞይስን በጀርባው አዝሎ ደረጃ አውጥቷል፣ ገላውን አጥቧል፣ በየማታው ጋሪውን እየገፋ ወደ ቡና ቤት አምጥቶታል። ይህ ታማኝነት ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው ስም የተከፈለ ታማኝነት ነበር።

በዚያው ሰሞን ፓንቴሊስ በቡና ቤቱ ሰው ሁሉ ፊት ወደ ስቴርጊዮስ መጣ።

«ስቴርጊዮ፣ ሽርጡን የፈታኸው አንተ ነህ። ምን አየህ?»

ስቴርጊዮስ ሲኒውን አስቀመጠ። «ከመኪና ሥር ያለ ነገር ቡና ቤት አይገባም» አለ።

የቡና ቤቱ ባለቤት አፖስቶሊስ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ «ተወው እንጂ፣ ፓንቴሊ» አለ፤ «ሰውየው እየሸፈነልህ እኮ ነው። ካልገለጥከኝ ብለህ ትለምነዋለህ?»

ሁሉም የተረዱት እንደዚያ ነበር። የስቴርጊዮስ ዝምታ ለፓንቴሊስ የተደረገ ምሕረት ሆኖ ተቆጠረ። ስቴርጊዮስም ይህን በጆሮው ሰማ፤ አላረመውም። የራሱን መልካም ስም ድንጋይ አድርጎ በሰው አንገት ላይ ማሰሩን የዚያን ዕለት አውቋል።

ሽርጡ ሊቃና አይችልምና በልማዱ መሠረት መሰቀል ነበረበት። ስቴርጊዮስ ራሱ አምጥቶ ሰቀለው፤ የተመታውን ፊት ግን ወደ ግድግዳው አዞረው። ሰዎቹ ይህን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለዞይስ ሐዘን ነው አሉ። አንዳንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲያ ማንም እጁን አላሳረፈበትም። እንዲህ ያለ ስሕተት ሊሠራ የሚችለው ሽርጥን እንደ ሰው ፊት በሚያይ መንደር ውስጥ ብቻ ነው።

ውድድሩ ወደ ሌላ ተራራ ተዛወረ። ዓመታት አለፉ፤ ድንጋዩም በየዓመቱ እያደገ ሄደ። በመጀመሪያ የሐብሐብ ያህል ነበር። ቆይቶ የፍየል ያህል ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የስቴርጊዮስን ሽርጥ ተራ ድንጋይ ይቀድደዋል ብሎ ማመን ለመንደሩ ክብር አልነበረም። ስለዚህ የድንጋዩ መተለቅ የሠሪውን ስም ይጠብቅ ነበር፤ የጠራጊውን ጥፋት ደግሞ ያገዝፍ ነበር። የስቴርጊዮስ ደንበኞች በዙ።

ፓንቴሊስን የሰደበው የለም። በቡና ቤቱ በር አጠገብ ይቀመጣል፤ ካርታ ሲጫወቱ ሰው ጎደለ ብለው አይጠሩትም። ሲወጣ አንዱ ከኋላው «ፓንቴሊ፣ የረሳኸው ነገር የለም?» ይለዋል፤ የቀሩት ወደ ካርታቸው አቀርቅረው ይስቃሉ። ካሊዮፒ በየፋሲካው ወደ ኩርባው እየወረደች ድንጋዮቹን በሰማያዊ ኖራዋ መቀባቷን ቀጠለች። ቀልዱ ግን ቀረ፤ ሰማዩን አወረደችው የሚላት ጠፋ። ስቴርጊዮስ በዚያ ሲያልፍ ወደ ገደሉ በኩል ማየት ይመርጥ ነበር።

አንድ ክረምት ካሊዮፒ ሞተች። በተከታዩ የፀደይ ወራት ውድድሩ ወደ ተራራቸው እንደሚመለስ ተሰማ።

የመንደሩ ወንዶች ኩርባ ለማከፋፈል ቡና ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አሁን አከፋፋዩ ሚልቶስ ነው፤ ሆዱ ገፍቷል፣ መንዳት ከተወ ቆይቷል። ዞይስ በጋሪው ላይ ከጎኑ ነበር። ስቴርጊዮስ ፊቱን ባዞረው ሽርጥ ሥር፣ የክብር ቦታው ላይ ተቀምጧል። ኩርባዎቹ አንድ በአንድ በስም ተሰጡ። የፓንቴሊስ ኩርባ ሲደርስ ሚልቶስ ስሙን ሳይጠራ ወደሚቀጥለው አለፈ።

«የኔስ?» አለ ፓንቴሊስ ከበሩ አጠገብ።

«ላንተማ ከመቃብሩ ደጅ ያለው ቀጥ ያለ መንገድ አለልህ» አለ አፖስቶሊስ ብርጭቆ እየወለወለ። «እዚያ ድንጋይ ብትረሳ የሚጎዳ ሰው የለም። ሁሉም ተጎድተው የጨረሱ ናቸው።»

ሳቅ ሆነ። ዞይስ አልሳቀም። «ለእሱ አትስጡት» አለ። «ሌላ ነገር አልናገርም። ለእሱ ብቻ አትስጡት።»

ፓንቴሊስ ተነሳ፤ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ ላንተ አልመልስልህም፣ ዞይ። አንተ ብትጠላኝ አይፈረድብህም» አለ። ከዚያ ወደ ስቴርጊዮስ ዞረ። «ካሊዮፒ ድንጋይ የረሳው ሰውዬ ሚስት ተብላ ተቀበረች። ሬሳዋን ለመሸከም የመጡት ከዘመዶቼ ሌላ ስንት ነበሩ? አንተም ከኋላ ቆመህ ነበር፤ አይቼሃለሁ። ስቴርጊዮ፣ አንዴ ጠይቄህ ነበር፤ ሁለተኛ እጠይቅሃለሁ፤ ሦስተኛ አልመጣም። ድንጋዩ የማን ነበር?»

«ከመኪና ሥር ያለ...» ብሎ ጀመረ ስቴርጊዮስ። ልማድ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ግን መጨረስ አቃተው። ሕይወቱን በሙሉ ያኮራው ቃል አፉ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነበት። ፓንቴሊስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንደማይለምን ፊቱ ላይ ይታያል።

ስቴርጊዮስ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ እጁን ወደ ሽርጡ ዘረጋ።

«ኧረ ተው፣ ስቴርጊዮ» አለ አፖስቶሊስ ደንግጦ። «ለዞይስ ክብር የዞረ ነው።»

«ለዞይስ ክብር አይደለም። የደበቅሁት እኔ ነኝ» አለ ስቴርጊዮስ።

ላሜራው ከባድ ነበር፤ እሱም አርጅቷል። ሊያግዘው የተነሳውን ሰው በክንዱ መለሰው። ከምስማሩ አውርዶ ገለበጠውና ጠረጴዛው ላይ በመብራቱ ሥር አኖረው። ከቀኙ ጥግ በሰያፍ የገባው ቦይ ታየ። በእጥፋቱ ውስጥ ኖራው እንደተጋገረ ነበር፤ ዓመታቱ አላደበዘዙትም።

«ድንጋዩ የዳር ድንጋይ ነው» አለ ስቴርጊዮስ። «ፓንቴሊስ መንገዱን ጠርጎት ነበር። መኪናው ኩርባውን ቆርጦ ዳሩ ላይ ወጣ። በማግስቱ ሽርጡን ስፈታ አውቄዋለሁ።»

ቀለሙ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በዚያ ቤት ውስጥ የካሊዮፒን ሰማያዊ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሚልቶስ ጋሪውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። «ቆርጬው ነበር፣ ዞይ» አለ።

ዞይስ ወደ ኋላው አልዞረም። ዓይኑ ሽርጡ ላይ ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት ስትገፋኝ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ፊትህን እንኳ አላየውም ነበር፣ ከኋላዬ ነህ። አንድ ቀን መናገር አልቻልክም?» ከዚያ «አፖስቶሊ፣ አንተ ቤቴ አድርሰኝ» አለ። አፖስቶሊስ ብርጭቆውን ትቶ መጣ። ሚልቶስ እጁን ከጋሪው ላይ አነሳ።

እውነቱ ያለ ዋጋ አልወጣም። ስቴርጊዮስ የፈራው ነገር ሆነ፤ ዞይስ ብቸኛ ወዳጁን በዚያች ሰዓት አጣ። ያን ወዳጅነት በሐሰት ላይ ያሳደጉት ግን ስቴርጊዮስና ሚልቶስ ነበሩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቅር ሊባል በቻለ ነበር።

ፓንቴሊስ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ደስታ አልታየበትም። ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ሰማያዊውን ነካ።

«ዱቄቱን ሁልጊዜ ታበዛው ነበር» አለ። «አታብዢው እላት ነበር።»

አንዱ ወንበር አመጣለት፤ አልተቀመጠም። ሌላው ጉሮሮውን ጠርጎ ኩርባው ያንተ ነው አለው። ፓንቴሊስ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ስቴርጊዮስ እስከ በሩ ተከተለው።

«አብሬህ ልውረድ» አለ። «በውድድሩ ማለዳ አብረን እንጥረግ።»

«አይሆንም፣ ስቴርጊዮ» አለ ፓንቴሊስ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «አንድ ኩርባ የአንድ ሰው ነው።»

በውድድሩ ቀን ፓንቴሊስ ብቻውን ወርዶ ኩርባውን ጠረገ። የዳሩን ድንጋዮች ቀደም ብሎ ራሱ ቀብቷቸው ነበር፤ ሰማያዊውን አብዝቶ። ስቴርጊዮስ በጋራዡ ደጅ ተቀምጦ መኪኖቹ ሲወርዱ ከሥራቸው የሚወጣውን የድንጋይ ድምፅ አዳመጠ። ከዚያ ወዲያም ያየውን የማያወራ ሙያተኛ መባሉ አልቀረም፤ እሱ ግን ሲሉት ፊቱን ያዞር ነበር።

ገመናን መሸፈን በጎ ነው። የተሸፈነው ገመና በሌላ ሰው ላይ የተደረበ ከሆነ ግን ሸፋኙም የበደሉ ተካፋይ ነው። ለፓንቴሊስና ለካሊዮፒ ይገባቸው የነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሽርጡ በተፈታ ዕለት፣ በዚያ ቡና ቤት ውስጥ፣ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ሊነገር ይገባው ነበር።